ጃፓንን አይቶ የመጣ መምህር ያለበት ዕዳ

የሰው ልጅ ከአገሩ ወጥቶ የባዕድ ምድር በረገጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚሠራው ዐይኑ ነው፤ ልቡናው ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የመንገደኛ የመጀመሪያ ወሬ ሁሉ የዐይን ወሬ ነው። ለትምህርት ጉብኝት ወደ ጃፓን ተልከው የሚመለሱ መምህራን የሚነግሩንና የሚጽፉልን ነገርም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ባቡሩ ደቂቃ ሳያዛንፍ ደረሰ፤ በመንገዱ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወድቃ አላየንም፤ ሕፃናቱ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ፤ ወለሉን ራሳቸው ይወለውላሉ፤ ምሳውን ራሳቸው ያድላሉ፤ ታናሹ ለታላቁ፥ ታላቁም ለታናሹ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የታየውን ታየ ማለትም ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ በሚመጣው መደምደሚያ ላይ ነው። ተናጋሪው በረዥሙ ተንፍሶ፥ «እነሱ እኮ ጃፓኖች ናቸው!» ይላል፤ አድማጩም ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

እኛ ግን ነገሩ በዚያ እንዲያበቃ አንፈቅድም። መደነቅ የትምህርት በር ነው እንጂ ትምህርቱ ራሱ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ የቀረ እንግዳም ወደ ቤት ገባ አይባልም። የጃፓንን ትምህርት ቤት ለማየት ዕድል ያገኘ መምህር ሊጠይቅ የሚገባው እንዲህ ብሎ ነው፤ ይህ ያየሁት ነገር በማን ገንዘብ ቆመ? ስንት ዘመን ፈጀ? ምን ክርክር ተደረገበት? ማንስ ተቃወመው? ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነገ ጧት በእኔ ክፍል ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ የተመለሰ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያወራው ወሬ ያገኝ ይሆናል፤ ለተማሪው ግን አንዳች ነገር አላመጣለትም።

ይህን የምንጽፈው በተለይ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፥ በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች በዙሪያቸውም ባሉት ወረዳዎች የሚያስተምረውን መምህር እያሰብን ነው። በዋና ከተማ ያለ መምህር ባይሄድም የሄደ ሰው አያጣም፤ ስብሰባውም፥ ቤተ መጻሕፍቱም በአጠገቡ ነው። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የተላከ አንድ ሰው ግን ለብዙ መቶ ባልደረቦቹ ዐይንና ጆሮ ሆኖ የሄደ ነው። እርሱ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ቀሩ ማለት ነው። ከዚህ በታች በአገራችን ለተደረገው ነገር የራሳችንን፥ በውጭ አገር ለተደረገው ግን የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር መጠቀማችንን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጃፓንን ማድነቅ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲዘጋጅ ዋና አብነቱ በ1889 የታወጀው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበረ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በ1946 ዓ.ም. ክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ ለሕዝብ አቀረቡ። በ1949 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያን አገር ጎበኙ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመና «ማጣራት፥ ማስቀመጥ፥ ማጽዳት» የሚለው ጽሑፍ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እንግዲህ ጃፓንን ማየትና ማድነቅ ከጀመርን መቶ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶናል። ከበደ ሚካኤል ለመጽሐፋቸው የሰጡት ስም «እንደምን» የሚል ቃል እንዳለበት አንባቢ ያስተውል። እሳቸው የጠየቁት «እንደምን?» ብለው ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣነው ብዙዎቻችን ግን «አቤት! አቤት!» ብለን መለስን።

በዚህ በመቶ ዓመት ውስጥ ከመመርመር የሚያድኑን ሁለት ምክንያቶችን አበጅተናል። ሁለቱም ለጆሮ የሚጥሙ ናቸው፤ ሁለቱም ግን እውነት አይደሉም።

የመጀመሪያው ምክንያት፥ «እኛና ጃፓን በአንድ ዘመን እኩል ነበርን፤ እነሱ ሄዱ፥ እኛ ቀረን» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ቁጭት የሚቀሰቅስ ስለሚመስል በየመድረኩ ይደገማል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ጃፓን በ1868 አዲሱን የሜይጂን ዘመን ስትጀምር «ተራኮያ» የሚባሉ የሰፈር ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተስፋፍተው ነበር። በዚያን ጊዜ ከወንዶቹ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ፥ ከሴቶቹም 10 በመቶ ያህሉ አንድ ዐይነት ትምህርት ያገኙ እንደ ነበር የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። የትምህርት ሕጓን በ1872 አወጣች፤ በ1905 ለትምህርት ከደረሱት ልጆቿ ውስጥ ከ100 ከ95 የሚበልጡት በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ነበሩ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ እኩል የተነሣንበት ዘመን የቱ ነው? ይህን የምንለው አገራችንን ለማሳነስ አይደለም። የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ያፈራቸው ሊቃውንት ከማንም ሊቅ የማያንሱ ነበሩ። ጃፓኖች ግን በ1872 አዲሱን ትምህርት ሲጀምሩ በብዙ ስፍራ የተጠቀሙት የጥንቱን የሰፈር ትምህርት ቤትና የቤተ መቅደሱን አዳራሽ፥ እዚያው ያስተምሩ የነበሩትንም መምህራን ነው። አዲሱን በአሮጌው ላይ ሠሩት። እኛ አሮጌውን ወደ ጎን ትተን አዲሱን በሌላ መሬት ላይ ጀመርነው። ሊያስቆጨን የሚገባው ይህ ነው፤ ቁጭቱም የሚጠቅመን እውነቱን ካወቅነው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። «ተፈጥሯቸው ነው፤ ሥነ ሥርዐት በደማቸው ውስጥ አለ» ይላል። ይህን የሚል ሰው በ1873 በጃፓን የሆነውን አልሰማም ማለት ነው። በዚያ ዓመት በልዩ ልዩ አውራጃዎች ገበሬዎች ዐምፀው ከሌላው ጋር አዲሶቹን ትምህርት ቤቶች ጭምር አፍርሰዋል፥ አቃጥለዋልም። ስለ ምን ቢባል ትምህርት ቤቱ የሚሠራው በመንደሩ መዋጮ ነው፤ ወላጁ ደግሞ የትምህርት ዋጋ ይከፍላል፤ በዚህም ላይ በእርሻና በቤት ሥራ የሚረዳውን ልጁን ያጣል። በዚሁ ዓመት በትምህርት ቤት የተመዘገቡት ልጆች ከ100 ወደ 28 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከሴቶቹ ልጆች ደግሞ ከ100 ወደ 15 ገደማ ብቻ። መንግሥት በመደበኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚከፈለውን ዋጋ ያስቀረው በ1900 ነው። ዛሬ የምናደንቀው ወላጅ ትናንት ትምህርት ቤት ያቃጠለው የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ደሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉ፥ በጀቱና የመምህሩ ትጋት ነው።

ወለሉን የሚወለውሉት ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው። ጽዳት በጃፓን ትምህርት ቤት ውስጥ ሰዓት የተመደበለት፥ ተራ የወጣለት፥ መምህሩም አብሮ ጨርቅ ይዞ የሚሠራው የትምህርት ክፍል ነው። ሕፃን ልጅ ንጹሕ ሆኖ አይወለድም፤ በጃፓንም ቢሆን።

ይህን ነገር በራሳችን አገር ምሳሌ ብናየው ይበልጥ ይገባናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በሺሕ የሚቈጠር ፈረሰኛ ባማረ ኮርቻና ልጓም ሜዳውን ሲሞላው ያየ እንግዳ፥ «እነዚህ ሰዎች ከእናታቸው ማሕፀን ፈረስ ላይ ተቀምጠው የወጡ ናቸው» ቢል የአዊ ሰው ይሥቅበታል። ምክንያቱም ፈረሱ ስንት ወር እንደ ተቀለበ፥ ልጁ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ፥ ማኅበሩ በየሰፈሩ እንዴት እንደ ተደራጀ፥ ጉዳዩን በምን ደንብ እንደሚዳኝ ባለቤቱ ያውቀዋል። እንግዳው ያየው የአንድ ቀን ግልቢያ ነው፤ ያላየው የዓመቱን ድካም ነው። እንግዲህ በእንጅባራ ሜዳ ላይ የምንሥቅበትን ስሕተት እኛው ራሳችን ቶክዮ ላይ ስንፈጽመው ልናፍር ይገባናል።

ጃፓኖች ራሳቸው ከሌላው ዓለም ሲማሩ እንዴት ተጓዙ? ይህን መመልከት ለእኛ ከባቡሩ ፍጥነት ይበልጣል። በ1871 መጨረሻ በኢዋኩራ ቶሞሚ የሚመራ የመልእክተኞች ጓድ ከዮኮሃማ ተነሣ። ከሹማምንቱ ጋር በየአገሩ ቀርተው የሚማሩ ተማሪዎች ነበሩበት፤ ከእነሱም አንዷ ገና 7 ዓመት ያልሞላት ሱዳ ኡሜኮ የምትባል ልጅ ነበረች። ጓዱ አሜሪካንና አውሮፓን ሲመረምር አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ቈየ። ሥራውም የተከፋፈለ ነበር፤ የትምህርቱን ጉዳይ እንዲመረምር የተመደበው ታናካ ፉጂማሮ በየአገሩ ያለውን የትምህርት አስተዳደር በጽሑፍ አጠናቅሮ ተመለሰ፤ ከተመለሰም በኋላ የተቀመጠው በዚያው በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ሆኖ ያየውን ሥራ ላይ ለማዋል ነው። የጓዱ ጸሐፊ ኩሜ ኩኒታኬም የጉዞውን ዜና በ100 ምዕራፍ፥ በ5 ቅጽ አዘጋጅቶ በ1878 አሳተመ፤ ማንኛውም ጃፓናዊ ገዝቶ እንዲያነበው ነው። ያቺም ልጅ 11 ዓመት ያህል ተምራ ተመለሰችና በ1900 ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት አቋቋመች።

ይህን ከእኛ ጉዞ ጋር እናስተያየው። የእኛ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ በቀናት የሚቈጠር ነው። አንዳንድ ጊዜም የሚላከው ጠመኔ የሚይዘው መምህር ሳይሆን የመምህሩን ደብዳቤ የሚፈርመው ሰው ነው። ሲመለስ የሚጻፈው ዘገባ የአበል ሒሳብ ማወራረጃ ይሆናል፤ በሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ቁልፉም ይጠፋል። የተማረው መምህር ቢሆን እንኳ በተመለሰ ማግሥት ከክፍል አውጥተን ከቢሮ ጠረጴዛ ጀርባ እናስቀምጠዋለን፤ ይህንንም ዕድገት እንለዋለን። ወደ ውጭ የላክነው ስለ ክፍል እንዲማር ነው፤ የተማረውን ግን ክፍል በሌለበት ቦታ እንዲያስበው እናደርገዋለን።

በቅርብ የሚገኝ ሌላ ምሳሌም አለ፤ እርሱም ዳንግላ ነው። ሜጀር ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የአገሩ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው በነዚያ ዓመታት የጣናን ዳርቻና የዓባይን መንገድ በበቅሎና በእግሩ እየዞረ መረመረ፤ የየደሴቱን ገዳም፥ የየመልካውን ስም መዘገበ፤ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉን ያሳተመው ግን ሁሉን ከፈጸመ በኋላ በ1936 ነው። ሰውየው የመጣው የመንግሥቱን ጥቅም ሊጠብቅ እንደ ሆነ፥ ዐይኑም በዓባይ ውሃ ላይ እንደ ነበረ አንዘነጋም። ቢሆንም የአሠራሩን ብልሃት ከጠላትም ቢሆን መማር ይቻላል። ባዕድ ሰው በእኛ ቀዬ ይህን ያህል ከመረመረ፥ የእኛ ሰው በባዕድ አገር ቢያንስ አንድ ትምህርት ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣራው እንዲመረምር መጠየቅ ይበዛበታልን?

ከሁሉ በላይ ደግሞ የቋንቋን ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንችልም። በ1872 በዋሽንግተን የጃፓን መልእክተኛ የነበረው ሞሪ አሪኖሪ የጃፓንኛ ቋንቋ ለአዲሱ ዕውቀት የማይበቃ መስሎት፥ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ቢማር ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዊትኒ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እንኳ ይህን አልደገፈለትም፤ ሕዝብ የሚሠለጥነው በአፍ መፍቻ ቋንቋው መሆኑን መከረው። ሐሳቡም በዚያው ቀረ። በ1876 በሳፖሮ የእርሻ ኮሌጅ ለመምራት ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ተቀጥሮ መጥቶ ነበር፤ የቈየው 8 ወር ያህል ብቻ ነው። በመጀመሪያ በባዕድ መምህራን በየባዕዱ ቋንቋ ይሰጥ የነበረው ከፍተኛ ትምህርት፥ ውጭ ተምረው በተመለሱ ጃፓናውያን እየተተካ ወደ ጃፓንኛ ተመለሰ። እንደ ኒሺ አማኔ ያሉ ሊቃውንትም ተቀምጠው ለፍልስፍናና ለሌላውም ዕውቀት አዳዲስ ቃላት ፈጠሩ፤ ቃላቱ ዛሬም ይሠራባቸዋል።

የአዊ ሕፃን በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ መማር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በየአገሩ የከፈተው በር ነው። ዳሩ ግን በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን በዕቃ መሙላት ሌላ ነው። ይህ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱንም ሒሳቡንም የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። በአዊኛ የተጻፈ የሳይንስ መዝገበ ቃላት፥ ለልጆች የሚሆን የተፈጥሮ መጽሐፍ፥ የታሪክ ንባብ እንደ ልብ ይገኛልን? በአማርኛስ ቢሆን ይበቃናልን? በእንጅባራ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አለ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ። የጃፓንን ታሪክ በእውነት የሚያደንቅ ምሁር ካለ ኒሺ አማኔ የሠራውን ሥራ ለአዊኛና ለአማርኛ ይሥራ። ይህ ሥራ የአውሮፕላን ትኬት አይጠይቅም፤ ጠረጴዛ፥ መብራትና ትዕግሥት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የጃፓን መምህራን እርስ በርሳቸው የሚማማሩበት «ጁግዮ ኬንኪዩ» የሚባል፥ በእኛ አነጋገር «የትምህርት ምርመራ» ልንለው የምንችል ሥርዐት አላቸው። ጥቂት መምህራን ተሰብስበው አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጃሉ፤ ልጆቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ አስቀድመው ይገምታሉ። ከእነሱ አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ከኋላና ከጎን ቆመው ልጆቹን ይመለከታሉ፤ ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። የሚመረመረው ትምህርቱ ነው እንጂ መምህሩ አይደለም፤ የሚጻፈውም የልጁ አስተሳሰብ ነው እንጂ የመምህሩ ጉድለት አይደለም። ጥቁር ሰሌዳውን እንኳ የሚጽፉበት ዘዴ አለ። ልጁ ትምህርቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአንድ እይታ እንዲያየው፥ በሰዓቱ መጀመሪያ የተጻፈው እስከ መጨረሻው ሳይደመሰስ ይቈያል።

ይህ በዳንግላ እንዳይሠራ የሚከለክለው ምንድን ነው? ሰሌዳ አለ፤ ጠመኔ አለ፤ ባልደረባ አለ። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተዋል፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባልም መርሐ ግብር በወረቀት ላይ አለ። የክፍልፋይን ሒሳብ ለማስተማር ከእንጅባራ ደጋ የበቀለ አንድ ዘንግ ቀርከሃ አንጓ በአንጓ ተቈርጦ ቢቀርብ፥ ከውጭ ተገዝቶ ከሚመጣ ዕቃ ይልቅ ለልጁ ይቀርበዋል። የሚከለክለን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው። በእኛ ዘንድ ወደ ሌላው ክፍል የሚገባ ሰው ነጥብ ሊሰጥ፥ ጉድለት ሊመዘግብ፥ ሊገመግም የሚገባ ነው። ስለዚህ መምህሩ በሩን ዘግቶ ብቻውን ያስተምራል፤ ብቻውን ይሳሳታል፤ ብልሃቱም ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የዚህን ፍርሃት ሥር መንቀል ይገባቸዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት የፈጠረ ሕዝብ፥ ካይዘን የሚለውን ቃል ከባሕር ማዶ እስኪመጣለት መጠበቅ አልነበረበትም።

«እኛ ድሆች ነን፤ ክፍላችን በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ አገሩም ሰላም አጥቷል» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ አቅልለን አናየውም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፥ ተጐድተዋልም፤ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስለዚህ ስለ ጃፓን የምናወራው ለደስታ ጊዜ ወግ አይደለም፤ የሚያስፈልገን ታሪክም የባቡሩ ታሪክ አይደለም።

የሚያስፈልገን የናጋኦካ ታሪክ ነው። የናጋኦካ ግዛት በ1868 በተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ተሸነፈ፤ ከተማው ተቃጠለ፤ ሕዝቡም ተራበ። ከወዳጅ ግዛት 100 ጆንያ ሩዝ ርዳታ ሲመጣለት ረኀብተኛው ሁሉ ይከፋፈለናል ብሎ ጠበቀ። ኮባያሺ ቶራሳቡሮ የተባለው ሹም ግን ሩዙ ለየቤተ ሰቡ ቢታደል የጥቂት ቀን ቀለብ ብቻ መሆኑን አስረድቶ፥ ሩዙ ተሽጦ ለትምህርት ቤት እንዲውል አደረገ፤ ትምህርት ቤቱም በ1870 ተከፈተ። የሚያስፈልገን የ1889 ታሪክ ነው፤ በዚያ ዓመት በያማጋታ አውራጃ በሱሩኦካ ከተማ በቤተ መቅደስ ውስጥ በተከፈተ ትምህርት ቤት ለድሆች ልጆች ምሳ መስጠት ተጀመረ፤ ዛሬ ጐብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣው የትምህርት ቤት ምሳ ከዚያ የተነሣ ነው፤ ሕጉ የወጣለት ከ65 ዓመት በኋላ በ1954 ነው። የሚያስፈልገን የ1945 ታሪክ ነው፤ ከተሞች በቦምብ ነደው፥ ክፍል በጠፋ ጊዜ፥ መምህራን ልጆቹን በፍርስራሹ መካከል ከሰማይ በታች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ከነዚህ ሦስቱ አንዱ እንኳ የሀብታም አገር ታሪክ አይደለም። በአንድ የዛፍ ጥላ ሥር ልጆችን ሰብስቦ ፊደል የሚያስቈጥር የአዊ መምህር ካለ፥ እርሱ ጃፓንን ሳያይ ከጃፓን ተምሯል። ትምህርት ቤት እንዲከፈት የሁሉም ወገን ጠመንጃ ከትምህርት ቤት ደጅ መራቅ አለበት፤ ይህን ሳንል ስለ ትምህርት ጥራት ብቻ ብንጽፍ ከንቱዎች እንሆናለን።

ይህን ስንል ጃፓንን እንዳለ እንቅዳ ማለታችን እንዳይመስል። ያው የምናደንቀው ትምህርት ቤት በ1890 የወጣውን የንጉሠ ነገሥቱን የትምህርት ዐዋጅ እያስነበበ ልጆችን ለጦርነት አዘጋጅቷል፤ በ1945 ሽንፈት ከመጣ በኋላ እነዚያው ልጆች የመጻሕፍታቸውን ገጽ በቀለም እንዲያጠቍሩ ታዘዙ። ዛሬም ቢሆን ጥላ አለበት። በ2018 በተደረገው ዓለም አቀፍ ጥናት የጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 56 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር፤ ከተጠኑት አገሮች ሁሉ የበለጠ ነው። በ2023 የትምህርት ዘመን ደግሞ ከትምህርት ቤት የራቁ የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች ከ340,000 በላይ መሆናቸውን መንግሥታቸው ራሱ አስታውቋል። የዐሥር ቀን እንግዳ ይህን አያይም፤ ጠይቆ ብቻ ያውቀዋል።

ከውጭ የሚመጣን ነገር እንዴት መቀበል እንደሚገባ ደግሞ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ያስተምረናል። ዲከረንስ የተባለው ግራር የአውስትራልያ ዛፍ ነው። ገበሬው ዛፉን ባየ ጊዜ በአድናቆት አልቆመም፤ ከራሱ ማሳ ጋር አስማማው። ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በ4 ወይም በ5 ዓመት ዛፉን ቈርጦ ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሳል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ሲያገኘው ደግሞ በአንድ ነገር ብቻ መታመን የሚያመጣውን ጉዳት አሳየን። መዋስ፥ ማስማማት፥ ሁልጊዜም መመርመር፤ የትምህርት መዋስም ሕጉ ይኸው ነው።

እንግዲህ ጃፓንን አይቶ የመጣ መምህር ያለበትን ዕዳ እንቍጠር። አንደኛ፥ ያየውን በአማርኛ ወይም በአዊኛ ይጻፍ፤ ጽሑፉም በሣጥን ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ ስለ ከተማው ሳይሆን ስለ አንድ ክፍል፥ ስለ አንድ ትምህርት፥ ስለ አንድ ሰዓት ይጻፍ። ሦስተኛ፥ በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ያስተምር፤ በሩንም ከፍቶ ይተወው። አራተኛ፥ ያልወደደውንም ይናገር። የላከው መሥሪያ ቤት ዕዳ ደግሞ አንድ ነው፤ የሚያስተምረውን ሰው ይላክ፥ ሲመለስም ወደ ክፍሉ ይመልሰው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። የጃፓንን አገር ማየት ጥምጥም ነው፤ ለራስ ያምራል፥ በአደባባይም ያስከብራል። መማሩ የሚታወቀው ግን በእንጅባራ ብርድ፥ በክረምት ጭቃ ከሩቅ ቀበሌ ተነሥታ የመጣች አንዲት ልጅ ትናንት ያልገባት ነገር ዛሬ ሲገባት ነው። ያች ልጅ ቶክዮን ላታይ ትችላለች። አስተማሪዋ አይቶት ከሆነ ግን ድርሻዋን የመጠየቅ መብት አላት፤ እኛም ስለ እርሷ እንጠይቃለን።